ቬነስ ለምን ጨረቃ የላትም

ነገሩ የተበላሸው ቅዳሜ ጠዋት፣ መምህርቷ ቀያሹን ብቻውን ሳሎን ያስገባችው ጊዜ ነው። ያስገባችው ደግሞ ራሷ ናት። ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም አልመከራትም፤ ኋላ ባሰበችው ቁጥር ቆሽቷን የሚያሳርራት ይኸው ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከአባቷ ጋር የኖረች ሴት፣ እዚያ ሳሎን የገባ ሰው ሁሉ የአባቷ ሆኖ እንደሚወጣ ስታይ የከረመች ሴት፣ ልታገባው ለፈለገችው ሰው በገዛ እጇ በሩን ከፍታ፣ "ግባና አባባን አናግረው፤ እኔ ወጥ ቤት ነኝ" አለችው።

አባቷ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ፤ ክፉን ሰው ጥሎ መሄድ ማን ያቅተዋል? ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ "ጋሼ" ይለዋል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የመጣውን ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ እሱን ብቻ ሲጠብቅ እንደዋለ አድርጎ ይቀበላል። ስለ ሥራህ ይጠይቅሃል፣ ያመመህን ይጠይቅሃል፣ የመለስክለትን ደግሞ ከወር በኋላም አይረሳውም። እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው በየሰፈሩ አይገኝም። ስለዚህ አንዴ የመጣ ሰው ይደጋግማል። ችግሩ፣ መጀመሪያ የመጣው እሷን ብሎ መሆኑ ነው።

የሥራ ባልደረባዋን፣ የሒሳብ መምህርቷን እንውሰድ። የልብ ጓደኛዋ ነበረች። አንድ ቀን ሻይ እንጠጣ ብላ ቤት አመጣቻት፤ አባቷ ቼዝ ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ በቃ። አሁን ስትመጣ አንገቷን ወደ ወጥ ቤት ብቅ ታደርግና "ደህና ነሽ አይደል?" ብላ መልሱን እንኳ ሳትሰማ ወደ ቼዙ ትከንፋለች። ድመቷም እንደዚያው ናት። ዝናብ ላይ አግኝታ፣ በጠብታ ወተት አጠጥታ ያሳደገቻት መምህርቷ ስትሆን፣ የምትተኛው የአባቷ ነጠላ ጫማ ላይ ነው። የጥርስ ሐኪሟ ሳይቀር "ጋሼ እንዴት ናቸው?" ሳይል አፍሽን ክፈቺ አይላትም።

ታላቅ ወንድሟን ስታይ ደግሞ ይብስባታል። ልጆች ሳሉ ዝምተኛው እሱ ነበር፤ ጓደኛ የሚባል ያልነበረው፣ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የሚገባው እሱ ነበር። በሃያ ዓመቱ ሥራ አግኝቶ ሩቅ አገር ሄደ። ዛሬ ስልክ ሲደውል የሚለውን መስማት አይቻልም፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የሚስቱ ወንድሞች፣ የጎረቤት ልጆች፣ ውሾቹ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይንጫጫሉ። "ቤቴ ገበያ ሆነ" እያለ ያማርራል። መምህርቷ ስልኩን ዘግታ፣ ይኼ ሰው ከእኔ በምን በለጠ ብላ ራሷን ስትጠይቅ ኖራለች። በመልክ አልበለጠም፣ በጨዋታማ ጭራሽ አይደርስባትም።

ቀያሹ የመጣው በዚህ ሁሉ መሃል ነው። ትምህርት ቤቱ አጥር ሊያሠራ ሲል ግቢውን እንዲለካ የተላከ፣ ጫማው አቧራ የማይለየው፣ ረዘም ያለ ሰው ነው። የሚያግዘው ሰው ስላልመጣ የመለኪያውን ዘንግ የሚይዝለት አጣ፤ መምህርቷ የዕረፍት ሰዓቷ ነበርና ያዘችለት። እሱ ከመሣሪያው ኋላ ሆኖ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ትንሽ ወደ ግራ፤ እዚያው ሁኚ፤ አዎ፣ ልክ አንቺ ያለሽበት ነው" አላት። እንዲህ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ዕድሜዋ ወደ አርባው የተጠጋ ሰው በዚህ መውደቁ ሊያስቅ ይችላል፤ እሷም ራሷ ስቃለች። ግን ወደደችው።

ከስድስት ወር በኋላ ሩቅ ከተማ ላይ የመንገድ ሥራ አገኘ። እሷም እዚያው ከተማ ትምህርት ቤት አመለከተች፤ ተቀበሏት፤ መልስሽን እስከ ሰኞ አሳውቂን አሏት። እዚያ ሄደው ሊጋቡ ተስማሙ። የቀረው ለአባቷ መንገር ብቻ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ በቤቱ ውስጥ ትልቅ ነገር ሲኖር ለአባቷ የምትነግረው እሷ ነበረች፤ ይኼን ግን አፏን ሞልታ መናገር አቃታት። ስለዚህ አንተ ንገረው አለችው። ወንዱ ቢናገር ይሻላል የሚል ሰበብም አገኘችለት።

ያደረገችውን የማታውቅ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድን። ግን ታውቅ ነበር፤ ዓርብ ዕለት ክፍል ውስጥ ያስተማረችው ይኼንኑ ነው። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ቀን የፀሐይንና የፕላኔቶችን ቅርጽ ከነጨረቃዎቻቸው ይሠሩ ነበርና ትምህርቱም ስለዚያው ሆነ። ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቬነስ መሬትን ታህላለች ብለውን የለ? ታዲያ እኛ ጨረቃ ኖሮን እሷ ለምን የላትም?"

መምህርቷ ጥያቄውን ወደደችው። "ጨረቃን ለመያዝ ሁለት ነገር ይረዳል" አለች። "አንደኛው ክብደት ነው። ጁፒተርና ሳተርን ግዙፍ ናቸው፤ ገና ሲፈጠሩ ከከበባቸው ጋዝና አቧራ ጨረቃ ሠሩ፣ በአጠገባቸው የሚያልፈውንም ድንጋይ እየሳቡ አስቀሩ። ለዚህ ነው ሳተርን ብቻውን ከሁለት መቶ በላይ ያለው። ሁለተኛው ርቀት ነው። እያንዳንዱ ፕላኔት በዙሪያው የራሱ የሆነ ክልል አለው። እዚያ ውስጥ የገባውን ነገር እሱ ይይዘዋል፤ ከዚያ ውጪ ያለውን ግን ፀሐይ ናት የምትይዘው። ለፀሐይ በቀረበ ቁጥር ክልሉ ይጠባል። ሜርኩሪና ቬነስ ቅርብ ናቸው። የሆነ ነገር ቢመጣላቸው እንኳ ለብዙ ጊዜ ማቆየት ይከብዳቸዋል። ፀሐይ ትወስድባቸዋለች።"

"ስለዚህ ጥፋቱ የቬነስ አይደለም" አለች ልጅቷ። ክፍሉ ሳቀ።

መምህርቷ አልሳቀችም። ስለ ቬነስ ሊቃውንቱም ገና ሙሉ ለሙሉ አልተስማሙም ብላ ልትጨምር ነበር፤ ተወችው። ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ የጻፈችውን አጠፋች፣ መልሳም ያንኑ ጻፈች። የሒሳብ መምህርቷ፣ ድመቷ፣ ሐኪሙ፣ ወንድሟ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት። በማግስቱ ያደረገችውን ያደረገችው እንግዲህ ይኼ ሁሉ ከገባት በኋላ ነው።

ወጥ ቤት ሆና ጠበቀች። አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ አጠበችው። በግድግዳው በኩል የአባቷ ድምፅ ይሰማታል፤ የሚለው ግን አይለይም። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። እሺ፣ ዝምታ ጥሩ ነው፤ አዝኗል ማለት ነው፤ አዝኖ ደግሞ ይለምደዋል። ከዝምታው በኋላ ግን ሁለቱም ሲስቁ ሰማች። ወደ ጓሮ የሚያስወጣው በር ተከፍቶ ሲዘጋም ሰማች፤ ምን ሊያደርጉ እንደወጡ ማሰብ አልፈለገችም።

ቀያሹ ወጥ ቤት ሲገባ እጁ እስከ ክርኑ ሙጫና እርጥብ ጋዜጣ ነበር። የሳይንስ ቀኑ ቅርጽ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ስለሚያፈስ ቤት መጥቶ ነበር፤ እሷ ያመጣችውን ሥራ አባቷ "ሙጫው ቀጥኗል፣ አምጪው እስቲ" ብሎ ከያዘው ሰንብቷል።

"የሳተርንን ጨረቃዎች ልንጨርስ ምንም አልቀረንም" አላት ደስ ብሎት።

"ነገርከው?"

"ነገርኳቸው። ምን ዓይነት ሰው ናቸው። እንደምንጋባ ስነግራቸው ብድግ ብለው አቀፉኝ።"

"ስለ ጉዞውስ?"

"እሱንም ነገርኳቸው። መልካም ነው አሉ።" እጁን ቧንቧው ላይ መታጠብ ጀመረ። "ከዚያ ጋሼ አንድ ሐሳብ አመጡ።"

መምህርቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። በዚህ ቤት ጋሼ አንድ ሐሳብ አመጡ ከተባለ ነገሩ አልቆለታል።

"ያ የጓሮ ክፍል ባዶ ነው አይደል? በዚያ በኩል ያለውን ግድግዳ ገፋ አድርገን አንድ ክፍል ብንጨምርበት፣ ለሁለት ሰው ይበቃል። አሁን ወጥተን ለካነው። ሜትሩን ጋሼ ያዙልኝ። የሚገርምሽ፣ እንደሳቸው ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ጆሮዋን ማመን አቃታት። "ሥራህስ?"

"ለሌላ ይሰጡታል። ሥራ እዚህም አይጠፋም።"

"እኔስ? እኔን ተቀብለውኛል እኮ። እስከ ሰኞ ነው ያሉኝ።"

"አንቺማ እዚህ ሥራ አለሽ" አለ፤ ከልቡ ነው የተናገረው። ፊቷን ሲያይ ግን ውሃውን ዘጋ። "ስሚኝ። እኔ አባት የሚባል አላየሁም። ተወልጄ ሳልድህ ነው የሞተው። ሰው አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ፣ አንተ ልጅ፣ ምን ታስባለህ ብሎኝ አያውቅም። እሳቸው ጠየቁኝ። ይኼን ትቼ የት ነው የምሄደው?"

ምን ይባላል? ዋሽቶ ቢሆን ትሰድበው ነበር። ሌላ ሴት ብትኖረው ፀጉሯን ትነጭ ነበር። እሱ ግን የተናገረው እውነቱን ነው፤ አባት የሌለውን ሰው አባት አገኘህ ብለው እንዴት ይቆጡታል? ንዴቷ መውጫ አጥቶ ደረቷ ውስጥ ተንተከተከ።

"እንግዲያው እሱን አግባው" አለችው፤ ፎጣውን አቀበለችውና ወጣች።

አባቷ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እርጥብ ወረቀት በመዳፉ መሃል እያድቦለቦለ ነበር። ድመቷ እግሩ ሥር ተኝታለች። ፕላኔቶቹ በተራ ተደርድረው፣ ሜርኩሪና ቬነስ እርቃናቸውን፣ ሳተርን ደግሞ በሽቦ ላይ በተሰኩ ድቡልቡሎች ተከቦ ይታያል።

"አባባ፣ ምን አልከው?"

"ምንም። ጠየቅሁት፣ መለሰልኝ።"

"የጓሮውን ክፍል ማን አነሳው?"

"ባዶ ነው አልኩ እንጂ ግባበት አላልኩትም። ሂድም ቅርም አላልኩ። እሱው ነው ሜትሩን ያወጣው።"

ይኼም እውነት ነበር። በዚህ ቤት የሚዋሽ ሰው ቢገኝ እንዴት ደስ ባላት። አባቷ የሠራትን ድቡልቡል ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አያትና፣ "ሳተርን እኮ አይጠግብም" አለ። "ደግሞ ተፈጥሮው ነው። ትልቅ የሆነ ይሰበስባል። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ነገር ነው።"

"ትልቅነት ብቻ አይደለም።"

"ሌላ ምን አለ?"

"ፕሉቶ ከእኛ ጨረቃ ያንሳል። ግን አምስት ጨረቃ አለው።"

"ፕሉቶ ከፕላኔትነት ተሰርዟል።"

"ተሰርዞም አምስት አለው" አለች። "ሩቅ ነው የሚኖረው፣ አባባ። የያዘውን መጥቶ የሚወስድበት የለም። ቬነስ ምን ጎደላት? መሬትን ታህላለች። ምንም አልጎደላትም፤ ቅርብ ሆና ነው።"

አባቷ ከመነጽሩ በላይ አያት። ነገር የማይገባው ሰው አይደለም። ድቡልቡሏን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጣት።

"ፀሐይ ምን አጠፋች?" አለ። "ባለችበት ነው ያለችው። ማንንም ና አትልም።"

"አውቃለሁ። ብትልማ ተጣልተናት እንገላገል ነበር።"

ከወጥ ቤት የቧንቧው ውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ቀያሹ የእሷን ብርጭቆዎች ማጠብ ይዟል።

"ታዲያ ማን ያዘሽ?" አላት አባቷ። በአሽሙር አልነበረም። ለስለስ ብሎ፣ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ነው የጠየቃት። ሂጂ አላላትም፣ ቅሪም አላላትም። አንዴ እንኳ፣ አትሂጂብኝ ቢላት ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር አታውቅም። ምናልባት ትቀር ነበር። ለሰው ሁሉ የሚበቃው ሰው ለእሷ ሲሆን ይቺን አንዲት ቃል መንፈጉ አንጀቷን አቃጠላት፤ ወደ ክፍሏ ገብታ እስኪወጣላት አለቀሰች።

ሰኞ ዕለት እመጣለሁ ብላ መልስ ሰጠች። በስልክ ነው የተናገረችው፤ ሐሳቧን ከመቀየሯ በፊት ቶሎ ብላ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ። ቀያሹ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ትመለሻለሽ፣ ትናፍቂያለሽ፣ እስከዚያ ክፍሉን ሠርቼ እጠብቅሻለሁ አላት። እሷም ና እንጂ፣ ሥራው ገና ለሰው አልተሰጠም አለችው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። በመሃሉ ሲሚንቶ መጣ፣ ጡብ መጣ፤ አባቷ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን ወደ ጓሮ አስወጥቶ ሥራውን መከታተል ያዘ። የሒሳብ መምህርቷም ቼዟን ይዛ እዚያው ዞረች።

የምትሄድበት ቀን አባቷ በር ድረስ ሸኛት። ጉልበቱ መናኸሪያ ድረስ አያስኬደውም። ግንባሯን ሳማት፣ "ደርሰሽ ደውዪ" አላት፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር፤ አይታዋለች። ቀያሹ ቤት አልነበረም። መሰናበት አልቻለም ብላ አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣ ብላ አሰበች።

መናኸሪያው በሰው ተጨናንቋል። አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ መስኮት ጋ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋንም ጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አኖረች። ለምን እዚያ እንዳኖረችው ራሷን አልጠየቀችም። ሾፌሩ ሞተር ሊያስነሳ ሲል ቀያሹ ከሰው መሃል እየተጋፋ፣ ትልቅ ሻንጣ በእጁ አንጠልጥሎ ሲመጣ አየችው።

ያ ሁሉ ንዴት፣ ያ ሁሉ ለቅሶ በአንድ አፍታ ከላይዋ ረገፈ። መስኮቱን በሁለት እጇ ገፍታ ከፈተችው።

"በኋለኛው በር ግባ፤ ቦታ ይዤልሃለሁ" አለችው።

ቀያሹ ከመስኮቱ ሥር ቆመ። እያለከለከ ነው። ሻንጣውን ወደ ላይ አነሳላት።

"ጋሼ ናቸው የላኩኝ" አላት። "እዚያ ብርድ ነው ብለው ብርድ ልብሳቸውን፣ ሹራባቸውን ሁሉ አደረጉልሽ። ደርሰህ ሳትሰጣት እንዳትመለስ ብለውኝ፣ በሩጫ ነው የመጣሁት።"

ሻንጣውን ተቀበለችው። ከባድ ነበር፤ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

"አንተስ?" አለችው። "አንተ የምትለኝ የለም?"

የሚለው ነበረው፤ ፊቱ ላይ ይታያል። አፉን ከፈተ። ከዚያ ሰዓቱን አየ፤ ሳያስበው ነው ያየው፣ ለዚህም ነው ይቅር ልትለው ያልቻለችው።

"ጋሼ ምሳ ሳይበሉ እየጠበቁኝ ነው" አለ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ቀያሹ ጥቂት አብሮ ሄደ፤ እጁን አወዛወዘ፤ ከዚያ ዞሮ ወደ ሰፈር በሚወስደው መንገድ ፈጠን ፈጠን እያለ ሲሄድ አየችው። ተናደደች። በእሱ ተናደደች፣ በአባቷ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ግን ቦታ ይዤልሃለሁ ባለችው በራሷ ተናደደች። ልታለቅስ ነበር፤ ሻንጣው የአባቷን ሳሙና ይሸታልና እዚያ ላይ ማልቀስ አልፈለገችም።

ልጅ ያቀፈች ሴት በመተላለፊያው እየተንገዳገደች መጥታ አጠገቧ ቆመች።

"እህቴ፣ ይኼ ሰው አለው?"

መምህርቷ ቦርሳዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች።

"የለውም" አለች። "ተቀመጪ።"